ቅዱስ ባስልዮስ የሠራው የሕሙማን ቤት

ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ስለሚጠራ ቅዱስ ባስልዮስን በስም የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። በየዓመቱ ጥር 6 ቀን፣ በግዝረት በዓል፣ ዕረፍቱን እናስባለን። ይህ አባት ከቅዳሴውና ከድርሳናቱ ሌላ የሠራው አንድ ታላቅ ሥራ ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም አይነገርም። በሀገረ ስብከቱ በቂሣርያ ሐኪምና አስታማሚ የተመደበለት፣ መንገደኛውም ድኻውም ከዘመድ የተለየውም የሚተኛበት የሕሙማን ቤት አቁሟል። የሕክምናን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት የመጀመሪያዎቹን ሆስፒታሎች ሲቈጥሩ ይህን ቤት ከፊት ያስቀምጡታል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ቤት ነው። ለምን እንደ ተሠራ ስንጠይቅ መልሱ ወደ ሃይማኖታችን መሠረት ስለሚያደርሰን፣ ታሪኩንና ትምህርቱን ሳንለያይ ቀስ ብለን እንማረው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ቦታውን እንለይ። ቅዱስ ጴጥሮስ ቆርኔሌዎስን ያጠመቀባት ቂሣርያ በፍልስጥኤም ባሕር ዳር ያለችው ናት። የባስልዮስ ቂሣርያ የቀጰዶቅያ ዋና ከተማ ስትሆን ዛሬ በቱርክ መካከል ካይሰሪ ትባላለች። ከባሕር የራቀች፣ ብርዷ የጠና ደጋ ናት። የቀጰዶቅያ ሰዎች በበዓለ ኀምሳ ቀን በኢየሩሳሌም እንደ ነበሩ የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል፤ ቅዱስ ጴጥሮስም የመጀመሪያ መልእክቱን ከጻፈላቸው መካከል ናቸው። እንግዲህ ባስልዮስ በተነሣበት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትና በዚያ ምድር እንግዳ አልነበረም።

ሮማውያን ሕመምተኛ የሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። በድንበር ላይ ለሰፈረው ጦር የቍስለኞች ቤት ነበረ። ብዙ ባሪያ ያለው ባለርስትም ለባሮቹ የሕሙማን ክፍል ያበጅ ነበር። ሁለቱም የተሠሩት ለጕልበት ሲባል ነው፤ ወታደሩ ወደ ጦሩ፣ ባሪያው ወደ እርሻው እንዲመለስ። ገንዘብ ያለው ሐኪም ወደ ቤቱ ያስጠራል። ሌላው ደግሞ አስክሌጵዮስ በሚባለው ጣዖት መቅደስ አድሮ በሕልም ፈውስ እንዲነገረው ይጠብቃል። ጕልበቱ ለማንም የማይጠቅም፣ ገንዘብም ዘመድም የሌለው ሕመምተኛስ? እርሱን መንግሥት እንደ ዕዳ አድርጎ የሚቀበልበት ሥርዓት አልነበረም። የሥጋ ደዌ የያዘው ደግሞ ከቤቱ፣ ከገበያው፣ ከምንጩ ሁሉ ይባረር ነበር።

ክርስቲያኑ በዚህ ሰው ላይ ምን አየ? ሰው ቢገረጣም፣ አካሉ ቢጎድልም፣ በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩ አይቀነስበትም። ይህ አንድ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የሚጠልቅ አለ። በምሥጢረ ሥጋዌ እንደ ተማርነው፣ እግዚአብሔር ወልድ የሚራበውን፣ የሚደክመውን፣ የሚታመመውንና የሚሞተውን ሥጋ ገንዘቡ አድርጎታል። ስለዚህ የሰው ሥጋ ከዚያ ቀን በኋላ የሚናቅ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል 25ኛው ምዕራፍ ስለ ፍርድ ቀን ሲያስተምር የታመመውን መጠየቅ ለራሱ እንደ ተደረገ እንደሚቈጥረው፣ አለመጠየቁንም በራሱ ላይ እንደ ተደረገ ንቀት እንደሚቈጥረው ነግሮናል። ይህን ቃል በምሳሌነቱ ብቻ አንስማው፤ ፈራጁ ራሱ መለኪያውን አስቀድሞ ማሳወቁ ነው። በመጨረሻም በትንሣኤ ሙታን እናምናለን። የድውዩን ቍስል የሚያጥብ አስታማሚ የሚያጥበው ለትንሣኤ የሚጠበቀውን አካል ነው።

ይህ እምነት ሕንጻ ከመሆኑ በፊት በሰው ጕልበት ታይቷል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ታላቅ ቸነፈር በሮም ግዛት ሲገባ፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ በከተማው የሆነውን ጽፎልናል። ካህናትና ዲያቆናት፣ ምእመናንም ጭምር፣ ሕሙማኑን እያገለገሉ፣ የሞቱትን እያጠቡና እየገነዙ፣ ራሳቸው በበሽታው ተይዘው ዐርፈዋል። ዲዮናስዮስ ይህን ሞት ከሰማዕትነት የማያንስ አድርጎ ያየዋል። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ምስክሩ ከጠላት ወገን መጣ። በሥዕል ላይ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጦር ሲወጋው የምናየው ንጉሡ ዑልያኖስ ከሓዲ፣ በ362 ለገላትያ የጣዖት ካህናት አለቃ በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኾች አልፈው የጣዖት አምላኪዎቹን ድኾች ጭምር እንደሚመግቡ እየመረረው ያምናል። ለጣዖታቱም እንዲሁ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ ስንዴና ወይን መድቦ ነበር። በዓመቱ በፋርስ ጦርነት ሞተ። ስንዴ በትእዛዝ ይመደባል፤ ለማያውቁት ድውይ መራራት ግን በንጉሥ ትእዛዝ አይገኝም። ከዑልያኖስ ደብዳቤ የሚገኘው ትምህርት፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ነው።

አሁን ወደ ባስልዮስ እንምጣ። በ330 አካባቢ ከባለጸጋና ከጸኑ ክርስቲያኖች ተወለደ። በቂሣርያ፣ በቍስጥንጥንያ፣ በአቴና ተማረ፤ በአቴና ጓደኛው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነበር። ብዙዎች የባስልዮስን ምሕረት የሚቈጥሩት ከጵጵስናው ጀምሮ ነው። ምንጩ ግን ቤተሰቡ ነው። ወንድሙ ናውክራጥዮስ ትምህርቱንና ዝናውን ትቶ በጰንጦስ ጫካ ኖረ፤ እያደነም ድኾችና ሕሙማን የሆኑ ሽማግሌዎችን ይመግብ ነበር። እኅቱ ማክሪና በረሀብ ዘመን በየመንገዱ ወድቀው ያገኘቻቸውን ሴቶች ልጆች አንሥታ አሳድጋለች። ባስልዮስ ራሱም ዕድሜውን ሙሉ በሕመም የኖረ ሰው ነው። ጎርጎርዮስ እንደሚነግረን የሕክምናን ትምህርት ያጠናው በገዛ ሥጋው ድካምና ሕሙማንን በማገልገል ምክንያት ነው።

በ369 ገደማ ቀጰዶቅያን ረሀብ መታት። ክረምቱ ያለ በረዶ፣ ጸደዩ ያለ ዝናብ አለፈ። የባሕር ዳር ከተማ እህል በመርከብ ይመጣለታል፤ ቂሣርያ ግን በየብስ የተከበበች ናትና የሚደርስላት አልነበረም። እህል ያላቸው ነጋዴዎች ዋጋው እስኪወደድ ጎተራቸውን ዘጉ። ባስልዮስ ያን ጊዜ ገና ቄስ ነበር። የሰበከውን ስብከት ዛሬም እናነበዋለን፤ በሉቃስ ወንጌል 12ኛው ምዕራፍ ላይ ያለውን፣ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ያሰበውን ባለጸጋ ይዞ የተናገረው ነው። ትምህርቱ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ባለጸጋው ማንንም አልቀማሁም፣ የያዝሁት የገዛ ርስቴን ነው ሊል ይችላል። ባስልዮስ ይህን መልስ አይቀበለውም። ከፍላጎትህ ተርፎ ያስቀመጥኸው እንጀራ የተራበው ሰው ነው፤ በሣጥን ያቈየኸው ልብስ የታረዘው ነው ይላል። ልትረዳው እየቻልህ ያልረዳኸው ሰው ሁሉ ከአንተ ላይ የሚጠይቀው አለው። ምጽዋት በዚህ አስተሳሰብ ከሰጪው ቸርነት ብቻ የሚወጣ ስጦታ መሆኑ ያበቃል፤ ዕዳ ይሆናል። ሰሚዎቹ ይህን ሰምተው ጎተራቸውን ከፈቱ። ባስልዮስም የተራቡትን ወንድ ሴቱን፣ ሕፃን ሽማግሌውን በአንድ ስፍራ ሰበሰበ፤ በትላልቅ ድስት የጥራጥሬ ወጥ አስቀቅሎ፣ እንደ ጌታው ወገቡን ታጥቆ፣ ከአገልጋዮቹ ጋር እየዞረ አበላ። ከራሱ ርስት የሸጠውንም በዚህ ላይ አውጥቷል።

ረሀቡ ሲያልፍ ሥራው ሊቆም ይችል ነበር። እዚህ ላይ ነው የባስልዮስ ማስተዋል የሚታየው። በ370 ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሲሾም፣ ድንገት ተነሥቶ ድንገት የሚበርድ ርኅራኄ ለድውይ እንደማይበቃው ያውቅ ነበር። በየዕለቱ የሚታመም አለና በየዕለቱ የሚከፈት በር ያስፈልጋል። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ መሥራት ጀመረ። ከሳሾችም አልጠፉም፤ ለአገረ ገዢው ለኤልያስ ጳጳሱ ከመጠን ያለፈ ነገር እየሠራ ነው ብለው ነገሩት። ባስልዮስ ለኤልያስ የመለሰው ደብዳቤ ከደብዳቤዎቹ መካከል 94ኛው ሆኖ ተጠብቆልናል፤ ስለ ቤቱ አሠራር የምናውቀውን ብዙውን ያገኘነውም ከእርሱ ነው።

በመካከሉ ያማረ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በዙሪያው የጳጳሱና የካህናቱ መኖሪያ ተሠራ። ከዚያ ለመንገደኞች ማረፊያ፣ በሕመም ምክንያት እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው ማደሪያ። ለእነዚህም የሚሆኑ አስታማሚዎች፣ ሐኪሞች፣ የጭነት ከብቶችና መንገድ የሚሸኙ ሰዎች ነበሩ። ለኑሮ የሚያስፈልጉ የእጅ ሙያዎች የሚሠሩባቸው ቤቶችም ታክለዋል። አንባቢ ሆይ፣ የጭነት ከብቱንና ሸኚውን ልብ በል። ይህ ሰው በሽተኛው እንዴት እንደሚመጣና ሲድን እንዴት ወደ አገሩ እንደሚመለስ ሳይቀር አስቦበታል። ደጉ ሳምራዊ ቍስለኛውን በገዛ አህያው ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማደሪያ እንደ ወሰደው፣ ለሚቀረውም ወጪ ሁለት ዲናር እንደ ከፈለ እናስታውስ። ባስልዮስ ያን ምሳሌ ከነአህያው፣ ከነማደሪያው፣ ከነወጪው በሕንጻና በደመወዝ ሠራው። ቤተ መቅደሱንም በመካከል ማድረጉ እንዲሁ የሆነ አይደለም፤ በመሠዊያው ላይ የተቀበለውን ክቡር ሥጋ ያከበረ ሰው፣ ከበሩ ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ ጌታ ስለ ራሱ የቈጠረውን የድውዩን ሥጋ ያገኛል።

ጓደኛው ጎርጎርዮስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባስልዮስን ባወደሰበት ድርሳን ይህን ስፍራ አዲስ ከተማ ብሎ ይጠራዋል። የባቢሎንን ቅጥርና የግብፅን ሐውልቶች ከመሳሰሉ የዓለም ድንቆች ጋር አነጻጽሮ፣ እነዚያ ለሠሪዎቻቸው ከጥቂት ዝና በቀር ያተረፉላቸው እንደሌለ ይናገራል። ከሁሉ ይልቅ የሚዘገየው ግን በሥጋ ደዌ የተያዙትን ሲያነሣ ነው። ከመሞታቸው በፊት የሞቱ፣ ፊታቸው ተለውጦ በስማቸው ካልሆነ የማይታወቁ፣ ከገዛ ወላጆቻቸው የተባረሩ ሰዎች ነበሩ። ባስልዮስ እነዚህን ሰብስቦ አስጠጋቸው። በዘር የከበረ፣ በትምህርት የታወቀ ጳጳስ ሆኖ ሳለ እንደ ወንድሞቹ ያቅፋቸውና ይስማቸው ነበር። ጎርጎርዮስ ይህን የጻፈው አንዳንዶች የባስልዮስን አካሄድ ኵራት ብለው ይከሱት ስለ ነበር ነው፤ ኵሩ ሰው እንዲህ ያደርጋልን ብሎ ይጠይቃል። በመሳም ደዌው አይድንም። ነገር ግን ሕዝቡ ጳጳሱ የሳመውን ሰው በድንጋይ ማባረር ይከብደዋል፤ ለእኔ የዚህ ቤት ትልቁ ሕክምና የሚመስለኝ ይህ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? የምእመናን ምጽዋት ነበረ፤ ከዚህ ሌላ ግን የሚያስገርም ታሪክ አለ። ንጉሡ ዋሌንስ አርዮሳዊ ነበር፤ ኦርቶዶክሳውያን ጳጳሳትን ያሳድዳል። ሹሙ ሞዴስጦስ ባስልዮስን ንብረትህን እወርሳለሁ፣ አግዝሃለሁ፣ አሠቃይሃለሁ፣ እገድልሃለሁ ብሎ አስፈራራው። ባስልዮስ ከጥቂት መጻሕፍትና ከአሮጌ ልብስ በቀር የሚወረስ እንደሌለው፣ ምድር ሁሉ የእግዚአብሔር ስለ ሆነች የሚጋዝበት እንደሌለ መለሰለት። በ372 በበዓለ ጥምቀት ዋሌንስ ራሱ ወደ ቂሣርያ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ የሕዝቡን ዝማሬና የባስልዮስን ጽናት አይቶ ደነገጠ። የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሪጦስ እንደሚለው ንጉሡ በባስልዮስ እጅ ላሉት ድውያን መርጃ የሚሆን መሬት ሰጠ። ባስልዮስ መሬቱን ተቀበለ፤ ወልድ ከአብ ጋር በመለኮት ትክክል ነው ከሚለው ሃይማኖቱ ግን አንዲት ቃል አላነሣም። ለድኻ የሚሰጠውን ከማንም መቀበል እንደሚቻል፣ ሃይማኖትን ግን በመሬት መለወጥ እንደማይቻል ከዚህ እንማራለን። ዛሬ ከልዩ ልዩ ረጂዎች ጋር የሚሠሩ አብያተ ክርስቲያናት ይህን መስመር ቢይዙት ይጠቀማሉ።

የሒሳቡንም ነገር አልናቀውም። ከደብዳቤዎቹ መካከል በገጠር ጳጳሳት እጅ ያሉ የድኾች ቤቶች ከግብር ነጻ እንዲሆኑ ለመንግሥት ሒሳብ ሹማምንት የጻፋቸው ይገኛሉ። በሐዋርያት ዘመን ምእመናን ገንዘቡን በሐዋርያት እግር ሥር ያኖሩ እንደ ነበር፣ ማከፋፈሉም ልምድ ላለው ሰው እንዲተው ትምህርቱ ያሳስባል። የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው የሚለይ መጋቢ ከሌለ ምጽዋቱ በጉልበተኛው ለማኝ እጅ ያልቅና አልጋ ላይ የወደቀው ይቀራል።

አሁን ለእኛ ዘመን በጣም ወደሚያስፈልገን ክፍል ደረስን። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት ነውን? ይህ ጥያቄ የባስልዮስን መነኮሳትም አስጨንቋቸው ነበር። ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት፣ በረዥሙ ክፍል 55ኛው ጥያቄ ላይ ሙሉ መልስ ሰጥቶበታል።

አዳም ከገነት ሲወጣ ምድር ያለ ድካም ማብቀሏን አቆመች፤ እግዚአብሔር የእርሻን ጥበብ ሰጠን። ራቁትነት መጣ፤ የሽመናን ጥበብ ሰጠን። ሥጋችንም ለሕመም ተጋለጠ፤ የሕክምናን ጥበብ ሰጠን። ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ከምድር የሚወጣው ማዕድን የሚፈውስ ኃይል ያገኘው በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም፤ ፈጣሪ ለጥቅማችን አኑሮበታል። እንግዲህ አርሶ መብላትን ክህደት የማይል ሰው መድኃኒት መውሰድን ክህደት ሊል አይገባውም። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪሙን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ፣ ብልህ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል።

ባስልዮስ የንጉሥ ሕዝቅያስን ነገር ያነሣል። ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ፤ ሕዝቅያስም ዳነ። ያዳነኝ በለሱ ነው ብሎ ግን ፈጣሪውን አልረሳም፤ ለበለሱ መፈጠርም ጭምር አመሰገነ። ጌታችን አንዱን ለምጻም በቃሉ አነጻው፤ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ግን ጭቃ ቀብቶ ወደ ሰሊሆም ሄዶ እንዲታጠብ ላከው። በሁለቱም መንገድ የፈወሰው እርሱ ነው። አንዳንድ ሕመም ለመፈተን እንደ ኢዮብ፣ አንዳንዱም ለተግሣጽ እንደሚመጣ ባስልዮስ አይክድም፤ እንዲህ ያለው ሲሆን ንስሓና ትዕግሥት ይቀድማሉ ይላል። የሚያስጠነቅቀው በሁለት ወገን ነው። ተስፋውን ሁሉ በሐኪም እጅ ላይ የሚጥልና ሐኪሙን አዳኝ ብሎ የሚጠራ ይስታል። አንዳንዶች ጥበቡን ስለሚያበላሹት ጨርሶ የሚሸሸውም ይስታል።

ወገኖቼ፣ በጸበል ቦታዎቻችን ይህ ትምህርት በጠፋበት ጊዜ ሰው ሞቷል። የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ጥሎ፣ የኤች አይ ቪ ክኒኑን አቋርጦ ጸበል የገባ ብዙ ነው። እንዲህ ያደረገው እምነት ጎድሎት አልነበረም፤ እንዲያውም መድኃኒቱን የጣለው ለእምነቱ ሲል ነው። ያስተማረው ሰው ግን የአባቶችን ትምህርት አልያዘም ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑና አብረው እንደሚወሰዱ በግልጽ አስተምረዋል። ይህ ለዘመኑ ሲባል የተፈጠረ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ላይ የቆመ ነው። በምሥጢረ ቀንዲል ካህኑ ለሕመምተኛው ዘይት ቀብቶ ይጸልያል፤ ሐኪሙም መርፌውን ይወጋል። ሕመምተኛው ለሁለቱም አሜን ማለት ይችላል።

የባስልዮስ ቤት ብቻውን አልቀረም። ማር ኤፍሬም ሶርያዊ በዕድሜው መጨረሻ፣ በ373 ገደማ፣ ኤዴሳ ስትራብ ከበዓቱ ወጥቶ ባለጸጎቹን ገሠጸ፤ እነርሱም የሚታመን አከፋፋይ አጣን ሲሉት እኔ አለሁ ብሎ ገንዘቡን ተቀበለና 300 ያህል አልጋ አዘጋጅቶ ሕሙማኑን አስተኛ። በ398 በቍስጥንጥንያ የተሾመው ዮሐንስ አፈ ወርቅ የሊቀ ጳጳሱን ቤት ወጪ ቀንሶ ለሕሙማን ቤት አዋለው፤ ሌሎችም ቤቶች ጨምሮ ሁለት ካህናት ኃላፊ አደረገባቸው፤ ሐኪሞችና ወጥ ሠሪዎችም ቀጠረ። በቅዳሴያችንና በድርሳኖቻችን ስማቸውን የምንጠራቸው ሊቃውንት በዚህም ሥራ ተገናኝተዋል።

ባስልዮስ በ379 ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። በቀብሩ ቀን ክርስቲያኑም አይሁዳዊውም አረማዊውም እያለቀሰ ስለ ተጋፋ በግፊያው የሞቱ ሰዎች እንደ ነበሩ ጎርጎርዮስ ጽፏል። ቤቱ ከሞቱ በኋላም ቀጠለ፤ ሕዝቡም በሠሪው ስም ባስልያስ እያለ ይጠራው ነበር።

ይህን ያነበብህ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ እናንተም በማኅበርና በጽዋ የምትሰበሰቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። የደብራችሁ የዓመት በጀት ሲቀርብ ለሕንጻው፣ ለደመወዙ፣ ለንግሡ የተመደበውን ካያችሁ በኋላ፣ በቅጥሩ ውስጥ ተኝተው ለሚታመሙት ጸበልተኞች የምርመራና የመድኃኒት ወጪ ምን ያህል እንደ ተያዘ ጠይቁ። ምንም ካልተያዘ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙት፤ ገንዘቡን የሚያከፋፍል፣ ሕሙማኑን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ታማኝ ሰውም በስም መርጣችሁ መድቡ።